በረኛውና አዋጅ ነጋሪው

በቀድሞው ዘመን በአገራችን የአንድ ታላቅ መኰንን ግቢ ሁለት ዐይነት አገልጋዮች ነበሩት። አንደኛው በረኛው ነው፤ ሥራው መዝጋትና መጠበቅ፥ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ ማወቅ፥ በግቢው ውስጥ የተነገረውም ነገር ሾልኮ እንዳይወጣ ማድረግ ነበረ። ሁለተኛው አዋጅ ነጋሪው ነው፤ እርሱ ደግሞ በገበያ ቀን ነጋሪት እያስጐሰመ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ የጌታውን ቃል ያሰማል፤ የሰማውም ላልሰማው እንዲያሰማ ያዝዛል። ሁለቱም የአንድ ጌታ እንጀራ ይበላሉ። ነገር ግን በረኛው ዝም በማለቱ ሲመሰገን፥ አዋጅ ነጋሪው ዝም ካለ እንጀራውን በከንቱ በላ ይባላል።

ይህን ምሳሌ በመጀመሪያ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአቶም ኃይል ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ጣቢያዎች ከተመሠረቱ ወዲህ ያለፈውን ታሪክ ስንመረምር፥ በእነዚህ ጣቢያዎች ውስጥም እንዲሁ ሁለት አገልጋዮች አብረው ሲኖሩ እናያለንና ነው። አንዱ ጥበቃ ይባላል፤ ጣቢያውን ከሌባ፥ ከጠላትና ከተንኰለኛ ሰው የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው የአደጋ ጊዜ ዝግጅት ይባላል፤ በጣቢያው ውስጥ አንድ ነገር የተበላሸ እንደ ሆነ በዙሪያው ያለውን ሕዝብ የሚያስጠነቅቅ፥ የሚያስጠልል፥ አስፈላጊም ሲሆን ከቦታው የሚያወጣ ነው። በሕግና በደንብ መጻሕፍት ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጽፈው ስለሚገኙ መንታ ወንድማማቾች ይመስላሉ። ታሪካቸው ግን ብዙ ጊዜ የተጣሉ ወንድማማቾች ታሪክ ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት አባል የሆነችው ድርጅቱ በተቋቋመበት በ1957 መሆኑን፥ ደግሞም በ2025 በአገራችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለማቋቋም ከሩሲያ ጋር የሥራ መርሐ ግብር መፈረሙን እናስታውሰዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የአቶም ኃይል የተወለደው በጦርነት ጊዜ በምስጢር ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ በረኛው ከልደቱ ጀምሮ አብሮት ነበረ፤ አዋጅ ነጋሪው ግን ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሕዝቡ ደኅንነት ይታሰብ የነበረው በርቀት ብቻ ነበረ። በ1950 የአሜሪካ የአቶም ኃይል ኮሚሲዮን አማካሪዎች አንድ ቀላል ስሌት አወጡ፤ ይኸውም የሪአክተሩ ሙቀት በኪሎ ዋት ተቈጥሮ፥ የቍጥሩ ስኩዌር ሩት ለ100 ሲካፈል፥ ሰው የማይኖርበት ክልል ስፋት በማይል ይገኛል የሚል ነበረ። በዚህ ስሌት 3,000 ሜጋ ዋት ሙቀት ለሚያወጣ ሪአክተር በየአቅጣጫው 17 ማይል ያህል ባዶ መሬት ያስፈልጋል። ኤሌክትሪኩ የሚፈለገው ለከተማ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ባዶ መሬት ከከተማ አጠገብ ከየት ይገኛል? ስለዚህ መሐንዲሶቹ ርቀቱን በግንብ ለወጡት፤ ሪአክተሩን በወፍራም የኮንክሪትና የብረት ቤት ውስጥ ዘጉትና ባዶው መሬት እየጠበበ ሄደ። ግንቡ መልካም ግንብ ነው፤ በኋላ እንደምናየው ብዙ ሰው አድኖአል። ነገር ግን በግንቡ መተማመን ሌላ ልማድ አስከተለ፤ ከግንቡ ውጭ ላለው ሰው በክፉ ቀን ምን እንነግረዋለን ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና በእንግሊዝ አገር መጣ። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በካምበርላንድ የባሕር ዳርቻ፥ ዊንድስኬል በተባለው ስፍራ፥ ለቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም የሚሠሩ ሁለት ሪአክተሮች ነበሩ። በአጠገባቸው የቆመውን የኮልደር ሆልን የኤሌክትሪክ ጣቢያ ንግሥት ኤልሣቤጥ 2ኛ በኦክቶበር 17 ቀን 1956 መርቀው ከከፈቱት ገና አንድ ዓመት አልሞላም ነበረ። የዊንድስኬል ሪአክተሮች የሚቀዘቅዙት በአየር ነው፤ ታላላቅ ማራገቢያዎች አየሩን በግራፋይቱና በዩራኒየሙ መካከል እየነፉ በረጅም የጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ ይሰድዱታል። ስመ ጥሩው ሊቅ ሰር ጆን ኮክሮፍት በጭስ ማውጫው ራስ ላይ ማጣሪያ እንዲደረግ አጥብቀው ስለ ተከራከሩ፥ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ማጣሪያው በብዙ ድካም ተጨመረ፤ ሰዎችም «የኮክሮፍት ሞኝነት» የሚል ስም አወጡለት።

በኦክቶበር 10 ቀን 1957 በአንደኛው ሪአክተር ውስጥ እሳት መነሣቱ ታወቀ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢነፋበት እሳቱ አልጠፋም። በማግስቱ ውሃ እንዲፈስበት ተቈረጠ፤ በጋለ ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ፍንዳታ ሊያስነሣ እንደሚችል ግን በስፍራው የነበሩት ሁሉ ያውቁ ነበረ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቶም ቱሂ ወደ ሪአክተሩ ራስ ደጋግመው እየወጡ እሳቱን በዐይናቸው ይመለከቱ ነበረ። ውሃው ፈሰሰ፥ ማራገቢያውም ቆመ፥ እሳቱም ጠፋ። የተሣቀበት ማጣሪያም ሊወጣ ከነበረው መርዝ ብዙውን አስቀረ።

ሁሉን ግን አላስቀረም። ጨረር የሚያወጣ አዮዲን ከጭሱ ጋር ወጥቶ በመስኩ ላይ ወረደ፤ ሣሩን ላሞች ጋጡት፤ አዮዲኑም በወተቱ ውስጥ ተገኘ። አዮዲን ምን እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ በአገራችን እንቅርት እንዳይወጣ ከጨው ጋር የሚቀላቀለው እርሱ ነው። በአንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የተባለው ዕጢ አዮዲንን በስስት ይሰበስባል፤ ደኅናውን ከተመረዘው ለይቶ አያውቅም። የሕፃን ዕጢ ትንሽ ስለ ሆነ ጥቂቱ መርዝ ይበዛበታል፤ ከሰውም ሁሉ አብልጦ ወተት የሚጠጣው ሕፃን ነው። ስለዚህ የአቶም ጣቢያ አደጋ በእናት ጓዳ በኩል የሚገባበት አንድ የታወቀ በር አለ፤ እርሱም የወተት ብርጭቆ ነው።

አስቸጋሪው ነገር በወተት ውስጥ ምን ያህል አዮዲን ቢገኝ ይከልከል የሚል ደንብ አስቀድሞ አለመኖሩ ነበረ። ሊቃውንቱ ተሰብስበው በጥቂት ሰዓት ውስጥ በአንድ ሊትር 0.1 ማይክሮ ኩሪ የሚል ልክ ወሰኑ። በመጀመሪያ በአጠገብ ያሉት ጥቂት ገበሬዎች ወተታቸውን እንዳይሸጡ ተከለከሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ክልከላው 200 ካሬ ማይል ወደሚሆን አገር ተስፋፋ። ለገበሬዎቹ ካሣ ተከፈላቸውና ወተቱ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ፈሰሰ፤ ክልከላውም በአንዳንድ ስፍራ ከአንድ ወር በላይ ቆየ።

የዊንድስኬልን ታሪክ የምንወድደውም የምናዝንበትም ስለዚህ ነው። ወተቱን ያስደፉት ሰዎች ደንብ ሳይኖራቸው ደንብ አውጥተው፥ ለሕዝቡ ነግረው ሕፃናቱን ጠብቀዋል። በለንደን ግን ሌላ ነገር ተደረገ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን የመርማሪዎቹን ሙሉ ሪፖርት ቈለፉበት፤ አሜሪካኖች ቢያነቡት በአቶም ነገር ከእንግሊዝ ጋር ለመተባበር እምቢ ይላሉ ብለው ሰግተዋልና። ለሕዝብ የቀረበው ተቀንሶ የተጻፈ መግለጫ ነበረ፤ ሙሉው ቃል የተገለጠው በ1988 መጀመሪያ ነው። የተደፋው ወተት በአንድ ወር ተረሳ፤ የተቈለፈው ወረቀት ግን ሲከፈት፥ ከ30 ዓመት በኋላም ቢሆን፥ እምነትን አጐደለ።

ከዊንድስኬል እሳት 11 ቀን ቀደም ብሎ፥ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1957፥ በሶቪየት ኅብረት በኡራል ተራሮች አጠገብ በማያክ የአቶም ፋብሪካ የዝቃጭ ማጠራቀሚያ ፈንድቶ ነበረ። በተከታታይ ጊዜ 10,000 የሚያህል ሕዝብ ምክንያቱ ሳይነገረው ከመንደሩ ተነቀለ። ነገሩ በውጭ አገር በሰፊው የተሰማው ሊቁ ዞሬስ ሜድቬዴቭ በ1976 ስለ ጻፉበት ነው፤ መንግሥቱም እስከ 1989 ድረስ አላመነም። እዚያ በረኛው ብቻውን ነገሠ።

በአሜሪካ በዚያው በ1957 የአቶም ኃይል ኮሚሲዮን አንድ ጥናት አሳትሞ፥ የከፋ አደጋ ቢደርስ እስከ 3,400 ሰው ሊሞት፥ እስከ 43,000 ሰው ሊጐዳ፥ እስከ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ንብረት ሊጠፋ እንደሚችል ገለጠ። ምክር ቤቱ ይህን አይቶ ያወጣው ሕግ ስለ ኢንሹራንስ ነበረ። የገንዘቡ ነገር በሕግ ተወሰነ፤ ሕዝቡን ማን ያስጠነቅቃል፥ በየትኛው መንገድስ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ተኝቶ ቆየ።

ያነቃው በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር በሳስክዌሃና ወንዝ ደሴት ላይ የሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ነው። በማርች 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። በመቈጣጠሪያው ክፍል ያሉት ሠራተኞች መሣሪያቸው የተዘጋ መሆኑን ስላመለከታቸው፥ ውሃው በዝቶአል ብለው የአደጋ ጊዜውን የማቀዝቀዣ ውሃ ቀነሱት፤ ከሪአክተሩም እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ግንቡ ግን ጸና፤ ወደ ውጭ የወጣው ጨረር ጥቂት ነበረ። ስለ ግንቡ የተናገርነውን ምስጋና እዚህ ላይ እንከፍላለን።

ሆኖም የስሪ ማይል አይላንድ ዋና ታሪክ ያለው ከግንቡ ውጭ ነው። ለጣቢያው ፈቃድ የተሰጠበት ደንብ የሚጠይቀው የማስወጣት ዕቅድ 2 ማይል ብቻ ሲሆን፥ ክፍለ ሀገሩ በራሱ ፈቃድ 5 ማይል ያሳቅድ ነበረ። ረቡዕና ሐሙስ በተስፋ አለፉ። ዓርብ ጧት አንድ ሄሊኮፕተር በጣቢያው ጭስ ማውጫ ልክ በላይ ሆኖ በሰዓት 1,200 ሚሊሬም ጨረር ለካ። በዋሽንግተን አቅራቢያ የተሰበሰቡት የተቈጣጣሪው ኮሚሲዮን ሹማምንት ደግሞ ለምድር በገመቱት ሂሳብ ያንኑ ቍጥር አግኝተው ነበረና፥ የሰማዩ ልክ የምድሩ ልክ መሰላቸው፤ ሕዝቡም ይውጣ ብለው ምክር ላኩ። የስልኩ መስመር በሰው ብዛት ተጨናነቀ። በሃሪስበርግ ከተማ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ጮኸ። አገረ ገዥው ሪቻርድ ቶርንበርግ ማንን ማመን እንደሚገባቸው ለማወቅ ተቸገሩ፤ በመጨረሻም እርጉዞችና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ከ5 ማይል ክልል እንዲወጡ መከሩ። የወጡት ግን እነርሱ ብቻ አልነበሩም፤ 140,000 የሚያህል ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ ሄደ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን፥ በዚያ ዓርብና ቅዳሜ በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት የነበሩትን ታናናሽ ሹማምንት ልናስብ ይገባናል። የ5 ማይሉን ዕቅድ ይዘው የተቀመጡት ሰዎች 10 ማይል አዘጋጁ ተባሉ፤ ደግሞ ብዙም ሳይቈይ 20 ማይል ተባሉ። በ20 ማይሉ ክልል ውስጥ 6 አውራጃዎች፥ 650,000 ሕዝብ፥ 13 ሆስፒታሎችና አንድ ወኅኒ ቤት ነበሩ። በወኅኒ ቤቱ ያሉትን እስረኞች ማን ይወስዳቸዋል? የተኛውን በሽተኛስ የትኛው መኪና ይሸከመዋል? ይህን ሁሉ በሁለት ቀን፥ በእርሳስና በካርታ ማሰብ ነበረባቸው። ዕጢውን አስቀድሞ በደኅናው አዮዲን ሞልቶ የተመረዘው እንዳይገባበት የሚያደርገው መድኃኒትም በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ በችኰላ ታዝዞ ከ200,000 የሚበልጥ ጠርሙስ የመጣው አደጋው ከተነሣ ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ለሕዝቡ ሳይታደል ቀረ።

ፕሬዚዳንት ካርተር ያቋቋሙትና የዳርትማውዝ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ጆን ኬመኒ የመሩት መርማሪ ኮሚሲዮን በኦክቶበር 1979 ሪፖርቱን ሲያቀርብ፥ በሕዝቡ ጤና ላይ የደረሰው ዋናው ጕዳት የመንፈስ ጭንቀት መሆኑን ገለጠ። ጭንቀቱ የመጣው ደግሞ ከጨረሩ ብዛት ሳይሆን እርስ በርሱ ከሚቃረነው ወሬ ነው። የሚገርመው ነገር፥ በጣቢያ ዙሪያ 10 ማይል ለሕዝብ ማስጠለያና ማስወጫ፥ 50 ማይል ደግሞ ለምግብና ለወተት ጥበቃ ይታቀድ የሚል ጥናት ከአደጋው ሦስት ወር ቀደም ብሎ በዲሴምበር 1978 ታትሞ ነበረ። ጥናቱ ሕግ የሆነው አደጋው ከደረሰ በኋላ በ1980 ነው። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ማንኛውም ጣቢያ ሕዝቡን በ15 ደቂቃ ውስጥ ለማስጠንቀቅ የሚያስችል መሣሪያ እንዲኖረውና ከአካባቢው ሹማምንት ጋር የልምምድ ትርኢት እንዲያደርግ ተገደደ።

ሕጉ ጥርስ እንዳለው ወዲያው ታየ። በኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ ላይ የተሠራው የሾርሃም ጣቢያ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት አለቀ። የሰፎክ አውራጃ ምክር ቤት ግን በ1983 መንገዱን፥ ደሴቱንና የሕዝቡን ብዛት ተመልክቶ፥ ሕዝቡን በደኅና ለማስወጣት የሚያስችል ዕቅድ ሊኖር አይችልም ሲል ወሰነ። ከብዙ ክርክር በኋላ ጣቢያው በ1 ዶላር ለክፍለ ሀገሩ መንግሥት ተሸጦ ፈረሰ። ይህን የሚነቅፉ ብዙ ናቸው፤ እኛም ያ ሁሉ ገንዘብ መባከኑን አንወድድም። ነገር ግን ጥያቄው መሠረቱ ሳይጣል በፊት ቢጠየቅ ኖሮ ዋጋው አንድ ወረቀትና አንድ ስብሰባ ብቻ በሆነ ነበረ።

በኤፕሪል 26 ቀን 1986 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ በሶቪየት ኅብረት በዩክሬን የቼርኖቢል ጣቢያ 4ኛው ሪአክተር ፈነዳ። ያ ሪአክተር እንደ ስሪ ማይል አይላንድ ያለ ግንብ አልነበረውም። ፕሪፕያት የተባለችው የሠራተኞቹ ከተማ ከጣቢያው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ 49,000 የሚሆን ሕዝብም ነበረባት። ቀኑ ቅዳሜ ነበረ። ልጆች ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ሰርግም ተደረገ፤ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን በጋሪ እየገፉ ፀሐይ አሞቁ። ከ1,000 የሚበልጡ አውቶቡሶች ከኪየቭ መጥተው ሕዝቡን ያወጡት በማግስቱ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ለሦስት ቀን ያህል ብቻ ነው ስለ ተባሉ ብዙዎቹ ከቤታቸው ጥቂት ነገር ይዘው ወጡ። ተመልሰውም አልኖሩባትም።

ዓለም የሰማው እንዴት ነው? በኤፕሪል 28 ጧት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በስዊድን በፎርስማርክ ጣቢያ አንድ ሠራተኛ በመመርመሪያው መሣሪያ ፊት ሲያልፍ ጫማው ማስጠንቀቂያውን አስጮኸው። ስዊድናውያን መጀመሪያ የራሳቸው ጣቢያ የተበላሸ መስሎአቸው ደነገጡ፤ ነፋሱን መርምረው ወደ ሞስኮ ጠየቁ። በዚያው ምሽት የሞስኮ ቴሌቪዥን በጥቂት ቃል አደጋ መድረሱን ተናገረ። በሜይ 1 ቀንም በኪየቭ የሠራተኞች በዓል ሰልፍ እንደ ወትሮው ተደረገ። የሶቪየት መንግሥት የሲቪል መከላከያ መሥሪያ ቤት አልጐደለውም፤ ለጦርነት የተዘጋጀ ዕቅድም ነበረው። የጐደለው «ተናገር» የሚል ትእዛዝ ነበረ።

አሁን ወደ ወተቱ እንመለስ። በፕሪፕያት ለብዙ ሰው የአዮዲን እንክብል ታድሎአል፤ በገጠሩ ግን ሕፃናቱ ከየቤታቸው ላም የታለበውን ወተት ለቀናትና ለሳምንታት ጠጡ። በዩክሬን፥ በቤሎሩሲያና በሩሲያ በዚያን ጊዜ ልጆች ከነበሩት መካከል እስከ 2005 ድረስ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ታማሚዎች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም ብዙውን ክፍል ሊቃውንት የሚያያይዙት ከተመረዘው ወተት ጋር ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፥ በሽታው በቶሎ ከታከመ ብዙ ጊዜ የሚድን ስለ ሆነ ከእነዚህ የሞቱት ጥቂቶች ናቸው፤ ቢሆንም በአንገታቸው ላይ የቀረው የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ምስክር ነው። በዊንድስኬል በ1957 የታወቀው ነገር በ1986 ለአንዲት የቤሎሩሲያ እናት ያልተነገራት ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለሚያነብቡን ባለሥልጣኖች ሁሉ እንተወዋለን።

የፖላንድ መንግሥት በዚያን ጊዜ ከሞስኮ ጋር በቃል ኪዳን የታሰረ መንግሥት ነበረ። ሆኖም ሊቃውንቱ በራሳቸው መሣሪያ የአየሩን መበከል ስላወቁ፥ ከሞስኮ ዝርዝር ሳይጠብቁ በኤፕሪል 29 ቀን አዮዲን መታደል እንዲጀመር አደረጉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች ያን መራራ ጠብታ ጠጡ፤ የላሞቹ ግጦሽ ተከለከለ፤ ለሕፃናትም የዱቄት ወተት ተሰጠ። በዚያ አገር ያደጉ ብዙ ሰዎች ጣዕሙን እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። በዓመቱ ሴፕቴምበር 26 ቀን በቪየና፥ አደጋ የደረሰበት መንግሥት ለጎረቤቶቹና ለዓለም አቀፉ ድርጅት ወዲያው እንዲያስታውቅ የሚያስገድደው ስምምነት ጸደቀ።

እስካሁን በረኛውን ብዙ ወቀስነው፤ ፍርድ እንዳናጓድል ለእርሱም ቃል መስጠት ይገባናል። በአፍሪካ ሥራ ላይ ያለው አንድያ የኑክሌር ኤሌክትሪክ ጣቢያ በኬፕ ታውን አቅራቢያ የሚገኘው ኩበርግ ነው። በዲሴምበር 1982 በአፓርታይድ መንግሥት ላይ የተነሡት የነጻነት ታጋዮች በዚያ አራት ቦምቦች አፈነዱበት። ቦምቦቹን ያስገባው በጣቢያው ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ነዳጁ ገና አልገባምና ጨረር አልወጣም፤ ሰውም እንዳይጐዳ ታስቦ የተደረገ ስለ ነበረ የሞተ የለም። የዓላማውን ነገር ታሪክ ፈርዶለታል፤ ለጥበቃ ሰዎች ግን አጥር የሚከለክለው የውጭውን ሰው እንጂ የመግቢያ ወረቀት በኪሱ የያዘውን እንዳልሆነ አስተማረ። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1993 ደግሞ በዚያው በስሪ ማይል አይላንድ አንድ አእምሮው የታወከ ሰው መኪናውን እየነዳ በሩን አልፎ እስከ ተርባይኑ ቤት ገባና ለአራት ሰዓት ያህል ተሰውሮ ቆየ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጣቢያዎች ሁሉ መኪና የሚያቆም መከላከያ እንዲሠሩ ታዘዘ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላም ተቈጣጣሪው ኮሚሲዮን ለሕዝብ ክፍት ከነበሩት ሰነዶቹ ብዙዎቹን ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን በ10 ማይል ክልል ላሉ ሰዎች የሚሆን የአዮዲን እንክብል ለሚሹ ክፍለ ሀገሮች ሁሉ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በአንድ እጅ ዘጋ፥ በሌላው ሰጠ፤ ሁለቱም አስፈላጊ ነበሩ።

አጥር ለሌባና ለተንኰለኛ እንጂ ለጦር ሠራዊት አልተሠራም። በማርች 4 ቀን 2022 ስድስት ሪአክተሮች ያሉት የዩክሬን የዛፖሪዢያ ጣቢያ በሩሲያ ጦር ተያዘ። የዓለም አቀፉ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ራፋኤል ግሮሲ በዚያው ወር ለጣቢያ ደኅንነት የግድ ናቸው ያሉአቸውን ሰባት ነገሮች ሲዘረዝሩ፥ ከእነዚህ አንዱ ከውጭ ጋር ያለው የመነጋገሪያ መስመር ያልተቋረጠ እንዲሆን የሚል ነበረ።

ከዚህ 11 ዓመት ወደ ኋላ መለስ ብለን ጃፓንን እንይ። ጃፓን በአደጋ ዝግጅት የተመሰገነች አገር ነበረች። በማርች 11 ቀን 2011 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ባሕሩም ተነሥቶ የፉኩሺማ ዳይቺን ጣቢያ አጥለቀለቀው፤ የማቀዝቀዣው ኃይል ተቋረጠ። ለእንዲህ ያለ ቀን ታስቦ ከጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተሠራ የአደጋ ጊዜ ማዘዣ ቤት ነበረ። ነገር ግን ቤቱ የጨረሩን አቧራ የሚያጣራ መሣሪያ አልነበረውምና ሹማምንቱ ራሳቸው በአራተኛው ቀን ጥለውት ሸሹ። የማስወጫው ክልል 3 ኪሎ ሜትር፥ ከዚያ 10፥ ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር እየተባለ በአንድ ቀን ውስጥ ሰፋ፤ የስሪ ማይል አይላንድ ሰዎች ያዩት ሁሉ እንደገና መጣ።

መንግሥቱ የነፋሱን አቅጣጫ ገምቶ መርዙ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ የሂሳብ መሣሪያ ነበረው። ውጤቱ ግን እርግጠኛ አይደለም፥ ሕዝቡንም ያሸብራል እየተባለ በጊዜው አልተገለጠም፤ የመጀመሪያው ለሕዝብ የቀረበው በማርች 23 ነው። የናሚዬ ከተማ ሰዎች መረጃ ስላጡ ከጣቢያው ራቅ ብለው ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ ጹሺማ ወጡ፤ መርዙ አብዝቶ የወረደውም በዚያው አቅጣጫ ነበረ። ለማምለጥ ወደ አደጋው ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ከጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ አንድ ሆስፒታልና ከአጠገቡ ካለው የአረጋውያን መጦሪያም፥ ከአልጋ የማይነሡ በሽተኞች ያለ በቂ ሐኪም በአውቶቡስ ረጅም መንገድ ተጓጓዙ፤ በመንገድና በደረሱበት ከ40 የሚበልጡ ሞቱ። በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ከስደቱ ድካምና መከራ የተነሣ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ሰዎች ከ2,300 በላይ ናቸው። እንግዲህ ሕዝብን ማስወጣት ራሱ መድኃኒትም መርዝም መሆኑን፥ አዋጅ ነጋሪው «ውጡ» ከማለቱ በፊት ሽማግሌውንና በሽተኛውን ማሰብ እንዳለበት የተማርነው እዚህ ነው።

በዚያው ቀንና በዚያው ባሕር የተመታ ሌላ ጣቢያ አለ፤ ኦናጋዋ ይባላል። መንቀጥቀጡ ከተነሣበት ስፍራ ከጃፓን ጣቢያዎች ሁሉ ቅርቡ እርሱ ነበረ። መሠረቱ ከባሕሩ ወለል 14.8 ሜትር ከፍ ብሎ የተሠራ ስለ ሆነ 13 ሜትር ያህል የሆነው ማዕበል ሳይደርስበት ቀረ፤ ሪአክተሮቹም በደኅና ቆሙ። በዙሪያው ያሉት የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ግን ተጠርገው ሄዱ። ቤታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች በብርድና በጨለማ ብርሃን ወዳለበት ወደ ጣቢያው በር መጡ። በደንቡ መሠረት ወደዚያ ግቢ ማንም ያለ ፈቃድ አይገባም። በረኞቹ በሩን ከፈቱ። ከ300 የሚበልጡ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት በሠራተኞቹ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ብርድ ልብስና ምግብ ተሰጥቶአቸው ለሦስት ወር ያህል ተቀመጡ።